የታኮ ነገር

ባለፈው ቅዳሜ ከሰርግ የተመለስኩት በአንድ የራሴና በአንድ የሰው ጫማ ነው። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ከባሌ ጋር የቆየ ሂሳብ አለኝ፤ እሱን ላወራርድ።

ባሌ ክፉ ሰው አይደለም። ክፋቱ አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት። ከግብዣ ስንመለስ፣ ገና በሩን እንዳለፍን፣ እኔ በአንድ እጄ ግድግዳውን ተደግፌ፣ አንድ እግሬን አንጠልጥዬ፣ የጫማዬን ማሰሪያ ስፈታና ከሆዴ «እፎይ» ስል ይጠብቅና፣ ሐሳቡ ገና ያን ሰዓት ብልጭ እንዳለለት ሰው ሆኖ፣ «ቆይ ግን፣ እንዲህ የሚያምሽ ከሆነ ለምን ታደርጊዋለሽ?» ይለኛል። ስንት ዓመት ሙሉ! መልስ ሰጥቼው አላውቅም። በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ክርክር አይረታም፤ እግሩ ካበጠ ደግሞ ጭራሽ።

ስለዚህ ዛሬ ተቀምጬ፣ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ፣ በጽሑፍ እመልስለታለሁ።

ከቃሉ ልነሳ። «ታኮ» ከጣልያንኛ የወሰድነው ቃል ነው፤ የጫማ ተረከዝ ማለት ነው። ሾፌሮቻችን ግን በዚሁ ስም የሚጠሩት ሌላ ዕቃ አላቸው። ዳገት ላይ የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት ጎማው ስር የሚወሸቀው እንጨት ወይም ድንጋይ፣ እሱም ታኮ ነው። ለሁለቱም አንድ ስም የሰጠው ሰው የሚስቱን አረማመድ በደንብ ያየ መሆን አለበት። የመኪናው ታኮ ሥራ መኪናው ካለበት እንዳይነቃነቅ ማድረግ ነው። የኔም ያው ነው። ልዩነቱ፣ መኪናውን ታኮ አድርጎበት «በል ሂድ» የሚለው የለም። እኔ ግን ሁለት ታኮ ተደርጎልኝ «ቶሎ በይ እንጂ፣ ዘገየን እኮ!» እባላለሁ።

የሰው እግር ከቁርጭምጭሚት በታች 26 አጥንት አለው። የሁለቱ ሲደመር 52፤ በሰውነታችን ካለው 206 አጥንት ሩብ ያህሉ ማለት ነው። ፈጣሪ ያን ሁሉ አጥንት እዚያ ታች ያከማቸው ላይ ቤት ቦታ ጠቦት አይመስለኝም። ሥራው ከባድ ስለሆነ ነው። በጠፍጣፋ ጫማ ስንቆም ተረከዙም ፊተኛውም ሸክሙን ይካፈላሉ። ታኮ መጥቶ ተረከዙን ሲሰቅለው ግን ሸክሙ ወደ ፊት ይንሸራተትና ከጣቶቹ ስር ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ይከመራል። ታኮው ከፍ ባለ ቁጥር ይብሳል። አንድ መሥሪያ ቤት ግማሹን ሠራተኛ እረፍት አስወጥቶ የሁሉንም ሥራ በአንዲት ምስኪን ጸሐፊ ላይ ሲቆልል እንደማለት ነው። ማታ በር ላይ «እፎይ» የምለው እኔ አይደለሁም፤ ጸሐፊዋ ናት።

ጫፉስ? ጫፉ ሹል ነው። የሰው እግር ግን ወደ መሃል አይሾልም። አውራ ጣቱ መሃል ላይ የሆነ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ ጫማ ሠሪዎቹ የት እንዳዩት እነሱ ያውቃሉ።

አሁን ትንሽ ሂሳብ። አንዲት 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት እናስብ። እኔ አይደለሁም፤ ለምሳሌ ያህል ነው። ቀጭን ታኮ አድርጋ ስትራመድ፣ አንዱ እግሯ አየር ላይ ሆኖ ሌላው በተረከዙ መሬት በሚነካበት ቅጽበት፣ ክብደቷ ሁሉ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር በምታህል ነጥብ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 60 ኪሎ። አሁን ደግሞ 4 ቶን የሚመዝን ዝሆን አምጡ። አራት እግር አለው። እያንዳንዱ መዳፉ 1,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሁን ብንል፣ ለአንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው 1 ኪሎ ነው። ለወለሉ ከሴትየዋ ይልቅ ዝሆኑ ይሻለዋል። ይህን ለባሌ በደስታ ሳስረዳው፣ «ስለዚህ ከዝሆን ትከብጃለሽ ማለት ነው?» አለኝ። ፊዚክስ ለሁሉም ሰው አይነገርም።

ይህ ሂሳብ የገባቸው አገሮች አሉ። ግሪክ እ.ኤ.አ. በ2009 በጥንታዊ ቅርሶቿ ስፍራ ባለ ታኮ ጫማ ከልክላለች። ስንት ወራሪ የተፈራረቀበት፣ ስንት የመሬት መንቀጥቀጥ የናጠው እብነ በረድ፣ ልትጎበኘው የመጣች ሴት ጫማ አሰጋው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካርሜል የምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥና ጫፉ የቀጠነ ታኮ ለማድረግ ፈቃድ ያስፈልጋል የሚል ደንብ አላት። የእግረኛ መንገዷን የዛፍ ሥር ስላጎበጠው፣ «ተደናቅፌ ተሰበርኩ» ብሎ ከተማዋን የሚከስ እንዳይበዛ ነው። ፈቃዱ በነጻ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መውሰድ ነው። እስቲ አስቡት፣ እንደ ሽጉጥ የጫማ ፈቃድ! ነገሩ እንኳን ብዙም አይራራቅም። የቀጭኑ ታኮ መጠሪያ፣ ስቲሌቶ የሚለው ስም ራሱ በጣልያንኛ ቀጭን ጩቤ ማለት ነው። የገነነው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ታኮው ውስጥ ብረት ማስገባት ሲቻል የእርሳስ ያህል ቀጥኖ ሳይሰበር መቆም ቻለ። ብረቱ የገባው ለታኮው ነው። ለቁርጭምጭሚታችን ምንም አልገባለትም።

አሁን ወደ ጥያቄው። ባሌ «ለምን ታደርጊዋለሽ?» ከማለቱ በፊት አንድ ነገር ቢያውቅ ጥሩ ነበር። ይህን ነገር የጀመርነው እኛ አይደለንም። ወንዶች ናቸው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉት ይህን ነው።

ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የፋርስ ፈረሰኞች ባለ ተረከዝ ጫማ ያደርጉ ነበር። ለእነሱ ምክንያት ነበረው። ተረከዙ እርካቡን ቆንጠጥ አድርጎ ስለሚይዝላቸው በሚጋልበው ፈረስ ላይ ብድግ ብለው ቀስታቸውን ይገትራሉ። ልብ በሉ፣ የሚራመደው ፈረሱ ነው። ጫማው ከመጀመሪያው የተሠራው ለማይራመድ ሰው ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1599 የፋርሱ ንጉሥ ሻህ አባስ ቀዳማዊ ወደ አውሮፓ መልእክተኞች ላከ። በዚያ ዘመን የፋርስ ነገር በአውሮፓ መኳንንት ዘንድ ፋሽን ሆነ፤ ታኮውም አብሮ ገባ። ፈረሱ ግን አገሩ ቀረ። ችግሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

የታኮ ነገር የባሰባቸው የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ናቸው። ሰዓሊው ኢያሳንት ሪጎ እ.ኤ.አ. በ1701 የሳላቸውን ሥዕል ፈልጋችሁ እዩት፤ ሎቭር ሙዚየም አለ። ንጉሡ ካባቸውን ገለጥ፣ ነጭ ካልሲ የለበሰ ባታቸውን ወደ ፊት ዘርጋ አድርገው፣ ቀይ ታኮ ላይ ቆመዋል። አቋቋማቸውን አውቀዋለሁ። እኔም ፎቶ ስነሳ እንደዚያው ነው የምቆመው። ቀዩ ታኮ ደግሞ ለማንም አይፈቀድም ነበር፤ የቤተ መንግሥት ሰው መሆንን ይጠይቃል። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ክርስቲያን ሉቡታን የሚባል ፈረንሳዊ የረዳቱን ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብሎ የሴት ጫማ ሶል ላይ ቀባና ያንኑ ቀይ መልሶ ሸጠልን። እኛም ከቤተ መንግሥት የተጠራን እየመሰለን ገዛን።

ወንዶቹስ? በ18ኛው ክፍለ ዘመን «እኛ አመዛዛኞች ነን፤ ይህ የማይረባ ነገር ነው» እያሉ አንድ በአንድ ከታኮው ወረዱ። ወርደውም ዝም አላሉም። ጫማቸውን በቅጡ ሳያወልቁ ዘወር ብለው፣ «እነዚህ ሴቶች ግን ምን ነካቸው?» ማለት ጀመሩ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ እስከ ቤቴ በር ድረስ። (ጨርሰው እንዳልወረዱም አውቃለሁ። የዘመኑ ወንድ ታኮውን ጫማው ውስጥ፣ ከሶሉ በላይ ደብቆታል። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ሲያወልቅ ድንገት አጠር የሚል ሁሉ ራሱን ያውቃል።)

እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። ጥንት በቬኒስ ሴቶች ቾፒን የሚሉት ጫማ ነበራቸው። ጫማ ከምለው በርጩማ ብለው ይቀላል። ተረከዙ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሶሉ ነው የሚቆለለው፤ 50 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ነበር። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1430 ከፍታውን የሚገድብ ሕግ ብታወጣም የሰማት የለም፤ ከዚያ ወዲያም ማደጉን ቀጠለ። ከፍ ያለውን ያደረገች ወይዘሮ ብቻዋን መራመድ አትችልም። የደንገጡሮቿ ትከሻ ላይ እጇን ጭና ነው የምትንቀሳቀሰው። ሞኝ እንዳትመስላችሁ። እኔ ነገሩ የገባኝ እሷን ሳስብ ነው። ለመራመድ የሚመች ጫማ የሚያደርገው መራመድ ያለበት ሰው ነው፤ ውሃ የሚቀዳ፣ ዕቃ የሚሸከም፣ ባለጉዳይ ሆኖ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተት። ወይዘሮዋ ግን አፏን ሳትከፍት በጫማዋ ትናገራለች፦ «የምሮጥበት ጉዳይ የለኝም፤ የሚሮጥልኝ አለ። ብወድቅም የሚይዘኝ አለ።» ገንዘቧን የከፈለችው ለአለመመቸቱ ነው።

የኔ ችግር፣ የምሮጥበት ጉዳይ ሞልቶኛል። ደንገጡርም የለኝም፤ ባል ነው ያለኝ። ከመኪና ስወርድ ክንዱን ጥብቅ አድርጌ የምይዘው ለዚህ ነው። እሱ ፍቅር ይመስለዋል። እኔም እንዲመስለው ተውኩት።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ታሪክ ነው። እውነተኛው መልስ ያነሰና የሚያሳፍር ነው። የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ናቸው።

ባሌ የሚያየው ሁልጊዜ መጨረሻውን ነው፤ ግድግዳ የተደገፈችውን፣ ፀጉሯ የፈረሰውን። መጀመሪያውን አያይም፤ ያን ጊዜ የመኪናውን ቁልፍ እየፈለገ ነው። ታኮዬን አድርጌ ከወንበር ብድግ ስል ዓለም ትንሽ ዝቅ ትልልኛለች። ጀርባዬ ሳላዘው ቀጥ ይላል፤ ካልቀና እወድቃለኋ! ትከሻዬ ወደ ኋላ፣ አገጬ ወደ ላይ። ትናንት በጠፍጣፋ ጫማ ስለካው ጆንያ ይመስል የነበረው ቀሚስ ቀሚስ ይሆናል። መሥሪያ ቤት ደግሞ አለቃዬ ረጅም ነው። በጠፍጣፋ ጫማ ሳነጋግረው የማወራው ከክራቫቱ ጋር ነው። በታኮ ከአገጩ ጋር። ከክራቫት እስከ አገጭ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ የደመወዝ ጭማሪ ለሚጠይቅ ሰው ግን ቀላል መንገድ አይደለም።

ድምፁስ? ቋ፣ ቋ፣ ቋ። በባዶ ኮሪደር ላይ። ያን ድምፅ በራሱ እግር ያላወጣ ሰው አይገባውም። በየቢሮው ያለው ሁሉ ቀና ይላል፣ ስልኩን ይደብቃል፣ እጁን ኪቦርዱ ላይ ያደርጋል። እኔ ተራ ሠራተኛ ነኝ፤ ኮሪደሩ ግን ይህን አያውቅም። ያን ሰዓት «አያምሽም?» ብትሉኝ «ምኑ?» ነው የምላችሁ። በ11ኛው ደቂቃ ብትጠይቁኝ ግን ጥያቄው ራሱ ያስለቅሰኛል።

እናቴ በዚህ ነገር ከባሌ ጋር ናቸው። «ልጄ፣ እግር አንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው» ይሉኛል። እሳቸው ዛሬ የሚያደርጉት እንደ ዳቦ የለሰለሰ ጫማ ነው። ግን ቁም ሣጥናቸው ላይ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በሰርጋቸው ቀን ያደረጉት ታኮ አለ። አንድ ቀን ሳላንኳኳ ገብቼ አልጋ ላይ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ አድርገው ሲያዩት አገኘኋቸው። «አቧራውን ልጥረግ ብዬ ነው» አሉኝ። በእጃቸው ግን ጨርቅ አልነበረም።

ጫማ ሻጮች ያችን 10 ደቂቃ ጠንቅቀው ያውቋታል። ሱቁ ምንጣፍ የሚነጠፍበት ለዚህ ነው። ከወንበሩ እስከ መስታወቱ አራት እርምጃ፣ ከመስታወቱ እስከ ወንበሩ አራት እርምጃ፤ ፈተናው ይኸው ነው። ጠጠር መንገድ ላይ ሞክራ ታኮ የገዛች ሴት እስካሁን አልተወለደችም። «ትንሽ ጠበበኝ መሰለኝ» ስል፣ ሻጩ «ቆዳ እኮ ነው፣ ሲደረግ ይሰፋል» ይላል። ውሸቱን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄንም ያውቃል። ጫማው አይሰፋም። እግሬ ነው የሚጠበው። ሁለታችንም ፈገግ እንላለን፣ እኔ እከፍላለሁ።

ከዚያ የማታለያው ዕቃ ግዢ ይጀመራል። ከመዳፍ ስር የሚገባ ጄል፣ ከተረከዝ ኋላ የሚለጠፍ ስፖንጅ፣ ፕላስተር በየዓይነቱ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ጣት አንድ ላይ በፕላስተር ማሰር ህመሙን ይቀንሳል ብለው የሚምሉ ሴቶች አሉ። አስሬ አይቻለሁ። አልቀነሰም፤ ሁለቱ ጣቶች ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቀራርበዋል።

የመሬቱ ዓይነትም ትምህርት ነው። ታኮ ያደረገች ሴት ወለል እንደ መሐንዲስ ታነባለች። የታጠበ ሴራሚክ፣ አደገኛ። የድንጋይ ንጣፍ፣ በየመሃሉ ክፍተት አለውና አቅጣጫ ቀይሪ። ተንቀሳቃሽ ደረጃ፣ ጥርሱን አትርገጪ። ከሁሉ የከፋው ሣር ነው። ግብዣውን ሣር ላይ ያደረገ ሰው ሴት አማክሮ አይደለም። ታኮው ሣር ላይ ችንካር ነው፤ ሰው ሰላም እያልኩ ቀስ በቀስ አጥራለሁ። ስለ አየሩ እያወራሁ ጀመርኩ፣ የልጆቹን ደኅንነት ስጠይቅ 10 ሴንቲ ሜትሩ አልቋል።

እግር ደግሞ እውነትም ይለምዳል፤ የሚያስፈራው አለማመዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ለዓመታት ታኮ ያዘወተሩ ሴቶችን ባት መርምሮ ነበር። የባታቸው የጡንቻ ቃጫ ከሌሎቹ ሴቶች በ13 በመቶ ገደማ አጥሮ፣ የተረከዛቸው ጅማት ደግሞ ደንድኖ ተገኘ። ትርጉሙ ምን መሰላችሁ? እንዲህ የለመደች ሴት የሚያማት ታኮዋን አውልቃ ስትቆም ነው። መጀመሪያ ሲደረግ ያማል፤ ኋላ ሲወልቅ ያማል። እንዲህ ያለ ውል ባንክም አያስፈርም።

ጥያቄው ሁሌ ለሴቷ መቅረቡም ያናድደኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 ለንደን ውስጥ አንዲት እንግዳ ተቀባይ በመጀመሪያ የሥራ ቀኗ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጋ በመምጣቷ ያለ ክፍያ ወደ ቤቷ ተሸኘች። ታኮው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር መሆን ነበረበት። «ወንዶቹንስ እንዲህ ታዟቸዋላችሁ?» ብትል ሳቁባት። በኋላ አቤቱታዋን ከ150,000 በላይ ሰው ፈረመላት፤ ሳቁም ቆመ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ሴቶች በሥራ ቦታ ታኮ መገደድ ይብቃን ብለው «ኩቱ» የሚል ዘመቻ ጀመሩ። በጃፓንኛ ጫማ «ኩትሱ» ነው፤ ስቃይ ደግሞ «ኩትሱው»። ሐቀኛ ቋንቋ ነው።

ባሌ ይህን ስነግረው ክራቫቱን ላላ አደረገ። ስለ ክራቫት ምንም አልተነፈስኩም። ምንም የማይዝ፣ ምንም የማያሞቅ፣ ሾርባ ውስጥ ከመግባት ሌላ ሥራ የሌለው ጨርቅ አንገቱ ላይ አስሮ ስለ አመቺነት ሊያስተምረኝ የሚነሳ ሰው ነው። ተውኩት።

መውደቅም አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ፓሪስ ላይ ታዋቂዋ ሞዴል ናኦሚ ካምቤል የልብስ ዲዛይነሯን የቪቪየን ዌስትውድን 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ታኮ አድርጋ መድረክ ላይ ዘጭ ብላለች። ሥራዋ መራመድ ነው፣ ልብ በሉ። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፣ ተነሳች፣ ጫማው ለንደን ውስጥ ሙዚየም ገባ። የኔም ታኮ አንድ ቀን የጎርፍ መውረጃ ፍርግርግ ውስጥ ተሰክቶ ጫማው ቀረ፣ እኔ ሄድኩ። የገባኝ ሁለት እርምጃ በባዶ እግሬ ከተራመድኩ በኋላ ነው። አንድ ደግ ሰው ተንበርክኮ ሲጎትትልኝ ታኮው እዚያው ቀረ፤ የተረፈውን ጫማ በሁለት እጁ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ለቅሶ እንደመጣ ሰው ሆኖ ሰጠኝ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ሊለኝ ምንም አልቀረው። ሙዚየም ግን አልደወለም።

አሁን ወደ ቅዳሜው ሰርግ።

ሌላ ጊዜ ተጠባባቂ ጠፍጣፋ ጫማ በቦርሳዬ እይዛለሁ፤ የሴት ቦርሳ ለምን ይከብዳል ብሎ ለሚጠይቅ ሌላ ባል መልሱ እሱ ነው። የሰርግ ቦርሳ ግን ስልክና ሊፕስቲክ ከያዘ ሞላ። እሱም ከጫማው ጋር ተማክሮ የተሠራ ነው።

ስምንት ሴቶች አንድ ክብ ጠረጴዛ ከበብን። ብዙዎቻችን አንተዋወቅም። የጠረጴዛው ልብስ መሬት ድረስ ይወርዳል፤ እስከዚያን ቀን ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አጠገቤ ያለችው ሴት ፊት ላይ ያ የማውቀው ፈገግታ ፈሰሰ። አወለቀች። ቀጥሎ ማዶ ያለችው። ከዚያ እኔ። ማንም ምንም አላለም። ከጠረጴዛው በላይ ሐብል፣ ጉትቻ፣ «ሙሽራዋ እንዴት አምራለች!»፤ ከጠረጴዛው በታች ከጦር ሜዳ የተመለሰ 16 እግር ተጋድሞ ቁስሉን ያስታምማል። አንዷማ እግሯን ከነጭራሹ የኔ ላይ አሳረፈችው። አላነሳሁባትም። ማን እንደሆነችም ለማየት አላጎነበስኩም።

ሰላሙን ያፈረሰው ማይክሮፎን የያዘው ሰውዬ ነው። «የሙሽራዋ ዘመዶችና ጓደኞች ለፎቶ!» አለ። መብራቱ ደብዝዟል። 16 እግር ባንድ ጊዜ ጫማ ፍለጋ ተነሳ። ጨርቅ ገልጦ ማጎንበስ ነውር ነውና ሁላችንም ፊታችንን ለመድረኩ ሰጥተን፣ ፈገግ ብለን፣ በእግራችን እንዳብሳለን። ሁላችንም ያደረግነው ጥቁር ነው። ሁላችንም የገዛነው «ከሁሉም ጋር ይሄዳል» ተብለን ነው። ሄደም፤ ከሁሉም ጋር። ቀኙን አገኘሁት፤ እግሬ አብጦ ስለነበር በግድ ገባ። ግራው ግን ሰተት ብሎ ገባ። እንዲያ ሰተት ሲል መጠርጠር ነበረብኝ። ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ።

ፎቶ ተነሳሁ። ጨፈርኩ። ሰው ሁሉ ተሰናብቼ ቤቴ ገባሁ። በሩ ላይ ግድግዳዬን ይዤ ማሰሪያዬን ስፈታ ነው ግራው ማሰሪያ የሚባል ነገር እንደሌለው ያየሁት። ጎን ለጎን አቆምናቸው። ግራው በ3 ሴንቲ ሜትር ያጥራል።

«ለዚህ ነዋ ስታነክሺ የነበረው» አለ ባሌ።

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«ሁሌም ታነክሻለሽ ብዬ ነው።»

በዚያ ግርግር ጥያቄውን ረስቶት ሳይጠይቀኝ ተኛ።

ሰኞ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ስልክዎን ከሙሽራዋ እናት ነው ያገኘሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ግራ ጫማዎ እኔ ጋ ነው መሰለኝ።»

«የእርስዎም እኔ ጋ ነው።»

«ኧረ አንቺ በይኝ። እግሬን ያሳረፍኩብሽ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮ ጓደኛ ተጫወትን። ጫማዋ እንዴት እንደሚመች ነገርኳት። ከሸበጥ አይለይም፣ ቀኑን ሙሉ ቢደረግ አይታወቅም አልኳት። «አዎ፣ ይመቻል» አለች፤ ሊድሯት ስለፈለጉትና እሷ ስላልፈለገችው ጨዋ ልጅ የምታወራ ትመስላለች። የኔው ግን ሁለት ጣቷን ልጦ፣ ተረከዟን አቁስሎ እሑድን በሙሉ አልጋ ላይ አውሏታል። ሦስት ፕላስተር ለጥፋለች። ይቅርታ ጠየቅኳት። ጫማው የኔ ስለሆነ እኔ ራሴ የረገጥኳት መሰለኝ።

ትንሽ ዝም አለች። ከኋላዋ የወንድ ድምፅ ይሰማል፤ ባሏ ሳይሆን አይቀርም።

«ግን ሲያምር!» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከየት ነው የገዛሽው?»

ነገርኳት። ቀዩም እንዳለ ጨመርኩላት።